በአንድ ጠርሙስ የሕዋስ ማራቢያ ሚዲያ የተለወጠ ውጤት፦ መርካፕቶፑሪንና የሕዋሳት የፕሮቲን ምርት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ መሐል፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ያጋጠመንን ጉዳይ የሚመዘግብ ነው። ጉዳዩ የአንዲት የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ሲሆን እኔ አማካሪዋ ነበርሁ። የተቋሙንና የሰዎቹን ስም ትቻለሁ። ተማሪዋ ረቂቁን አንብባ የእርሷ ስሕተት ከእኔ ስሕተት ጋር አብሮ እንዲጻፍ ፈቅዳለች።

የተነሣንበት ጥያቄ አጭር ነበር። መርካፕቶፑሪን የተባለው የደም ካንሰር መድኃኒት በላቦራቶሪ በሚራቡ ሕዋሳት ውስጥ የፕሮቲን ምርትን ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም? በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልስ አገኘን። በመጀመሪያ «በእጅጉ ይቀንሳል» አልን፤ ቀጥሎ «ምንም አያደርግም» ወደ ማለት ተቃረብን፤ በመጨረሻ ሁለቱም መልሶች የየራሳቸው ምክንያት እንደነበራቸው ደረስንበት።

ተማሪዋ መድኃኒቱን የመረጠችው ወደ ትምህርት ከመመለሷ በፊት በሕፃናት ካንሰር ሕክምና ክፍል በፋርማሲ ባለሙያነት ትሠራ ስለነበር ነው። አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የያዛቸው ልጆች የመጀመሪያውን ከባድ ሕክምና ከጨረሱ በኋላ ይህን ባለ 50 ሚሊ ግራም ክኒን እንደ ሰውነታቸው መጠን ተመጥኖላቸው ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ይወስዳሉ። ክኒኑን ለወላጆች ስታስረክብ የኖረች ሰው፣ መድኃኒቱ ሕዋስ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን እንደሚያደርግ በዓይኗ ማየት መፈለጓ ለእኔም ደስ የሚያሰኝ ነበር።

መድኃኒቱና የፕሮቲን ምርት የሚገናኙበት ቦታ

አዴኒንና ጓኒን ፑሪኖች ናቸው። የዲኤንኤና የአርኤንኤ ፊደላት ከመሆናቸውም በላይ፣ የሕዋሱን ሥራ የሚያንቀሳቅሱት ኤቲፒና ጂቲፒ የሚሠሩት ከእነርሱ ነው። ሕዋስ ፑሪን የሚያገኝበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛው ከትናንሽ ሞለኪውሎች ተነሥቶ ራሱ መገንባት ሲሆን፣ ሁለተኛው በአካባቢው ያገኘውን የተዘጋጀ ፑሪን ሰብስቦ መልሶ መጠቀም ነው። ጉዳያችን በሙሉ የተፈታው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ስለሆነ አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ።

መርካፕቶፑሪን ሃይፖዛንቲን ከተባለው የተፈጥሮ ፑሪን የሚለየው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። በቀለበቱ ስድስተኛ ቦታ ላይ ኦክስጅን በሚቀመጥበት ሰልፈር ተቀምጦበታል። ስለዚህ ኤችፒአርቲ የተባለው የመልሶ መጠቀሚያ ኢንዛይም ሃይፖዛንቲን መስሎት ይቀበለውና ቲዮ-አይኤምፒ ወደሚባል ኑክሊዮታይድ ይለውጠዋል። ያለዚህ ኢንዛይም መድኃኒቱ ሕዋስ ውስጥ ገብቶም ሥራ አይሠራም። ከቲዮ-አይኤምፒ ከፊሉ ወደ ቲዮጓኒን ኑክሊዮታይዶች ተለውጦ በዲኤንኤ ውስጥ ይገባል፤ ከፊሉ ደግሞ ቲፒኤምቲ በተባለ ኢንዛይም ሜቲል ተጨምሮበት፣ ሕዋሱ ፑሪንን ከመነሻው የሚገነባበትን የመጀመሪያውን ደረጃ ይዘጋል።

የፕሮቲን ምርት የሚነካው በዚህ ሁለተኛ መንገድ ነው ብለን ነበር የተነሣነው። የሕዋሱ የፕሮቲን ማምረቻ የሆነው ራይቦዞም በፕሮቲን ሰንሰለት ላይ አንድ አሚኖ አሲድ በጨመረ ቁጥር ሁለት ጂቲፒ ይፈጃል፤ አንዱ አሚኖ አሲድ የተሸከመው ቲአርኤንኤ እንዲገባ፣ ሌላው ራይቦዞሙ አንድ እርምጃ እንዲራመድ። አሚኖ አሲዱን ከቲአርኤንኤ ጋር ለማያያዝ ደግሞ ኤቲፒ ያስፈልጋል። ራይቦዞም ራሱ ግማሽ ያህል ክብደቱ አርኤንኤ ስለሆነ አዲስ ራይቦዞም ለመሥራትም ብዙ ፑሪን ይጠይቃል። ከዚህም ሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተሙ ጥናቶች ኤምቶርሲ1 የተባለው የሕዋስ ዕድገት መቆጣጠሪያ የፑሪንን ማነስ እንደሚያውቅና ሥራውን እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ የፕሮቲን ምርትን ከሚያፋጥኑት ዋነኞቹ አንዱ ደግሞ ይኸው መቆጣጠሪያ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያምታቱትን አንድ ነገር ልለይ። ፑሮማይሲን የተባለው፣ የፕሮቲን ምርትን የሚያቋርጥ አንቲባዮቲክም በአካሉ ውስጥ ፑሪን መሰል ክፍል አለው፤ አሠራሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። አሚኖ አሲድ የተሸከመ የቲአርኤንኤ ጫፍ መስሎ ራይቦዞም ውስጥ ይገባና በመሠራት ላይ ካለው ሰንሰለት ጋር ይጣበቃል፤ ሰንሰለቱም ሳያልቅ ተቆርጦ ይወድቃል። ፑሮማይሲን ራሱን ማምረቻውን በደቂቃዎች ውስጥ ይመታል። መርካፕቶፑሪን ግን የማምረቻውን ስንቅ ነው የሚያሳጣው፤ ስንቁ እስኪያልቅ ሰዓታት ይፈጃል።

የመጀመሪያው ውጤትና ጉድለቱ

የተጠቀምንባቸው ጁርካት የተባሉት፣ ሉኪሚያ ከነበረበት ልጅ ደም የተገኙና እስከ ዛሬ በብዙ ላቦራቶሪዎች የሚራቡ የቲ-ሊምፎሳይት ሕዋሳት ናቸው። ተንሳፍፈው ያድጋሉ። አርፒኤምአይ 1640 በተባለው ሚዲያ፣ ማለትም ሕዋሳት በሚያድጉበት የምግብ ፈሳሽ ላይ 10 በመቶ የጥጃ ፅንስ ሴረም ጨምረን አራባናቸው። በጥቅምት ወር ተማሪዋ ለሕዋሳቱ 10 ማይክሮሞላር መርካፕቶፑሪን ሰጥታ ከ48 ሰዓት በኋላ በማራቢያ ሳሕኑ በየጉድጓዱ ያለውን ጠቅላላ ፕሮቲን፣ ፕሮቲን ሲበዛ ሐምራዊነቱ በሚደምቅ ቢሲኤ በተባለ የቀለም ዘዴ ለካች። መድኃኒቱን ለማሟሟት የምንጠቀምበትን ዲኤምኤስኦ ብቻ ያገኙት ማወዳደሪያ ጉድጓዶች ደማቅ ሐምራዊ ሆኑ፤ መድኃኒት ያገኙት ፈዛዛ ነበሩ። ልዩነቱ ያለ መሣሪያ በዓይን ይታይ ነበር። ተማሪዋ «መርካፕቶፑሪን የፕሮቲን ምርትን ይገታል» ብላ ጻፈች፤ እኔም ረቂቁን ሳነብ አላረምሁትም።

ያረመው በውስጥ ሴሚናር ላይ የተቀመጠ አንድ የሥራ ባልደረባ ነው። «ሕዋሳቱን ቆጥራችኋል?» አለ። አልቆጠርንም ነበር። ተማሪዋ ሙከራውን ደግማ፣ በትሪፓን ብሉ የሞቱትን ከሕያዋኑ ለይታ በኒውባወር ቻምበር ስትቆጥር፣ መድኃኒት ያገኙት ጉድጓዶች የያዙት ሕያው ሕዋስ ከማወዳደሪያው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ፕሮቲኑ ለሕዋስ ቁጥር ሲካፈል አብዛኛው ልዩነት ጠፋ። የለካነው የሕዋሳቱን መራባት እንጂ የፕሮቲን ምርታቸውን አልነበረም።

ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። ለሕዋስ ቁጥር ቢካፈልም እንኳ ጠቅላላ ፕሮቲን የምርት መለኪያ አይሆንም። በሕዋስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን የተመረተው ከፈረሰው ተቀንሶ የቀረው ነው፤ ብዙዎቹ ፕሮቲኖች ደግሞ ለቀናት የሚቆዩ ናቸው። ምርት ዛሬ በግማሽ ቢቀንስ ክምችቱ ያንን ወዲያው አይናገርም። በጎተራ ያለውን እህል ሰፍሮ የዘንድሮን አዝመራ ማወቅ እንደማይቻል ሁሉ ማለት ነው።

በዚሁ ጊዜ አንድ ትንሽ ስሕተትም ተገኘ። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መርካፕቶፑሪን ሞኖሃይድሬት ነበር፤ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 170 ገደማ ነው። ተማሪዋ ያሰላችው ግን ውኃ የሌለበትን 152ን ይዛ ነው። 10 ማይክሮሞላር ያልነው 9 ገደማ ሆኖ ቆይቷል። ድምዳሜውን አይለውጥም፤ ከዚያ በኋላ ያሉት መጠኖች ግን ሁሉ ተስተካክለዋል።

የምርትን ፍጥነት መለካት

ፍጥነትን በቀጥታ ለመለካት ድሮ የተለመደው ራዲዮአክቲቭ ሜቲዮኒን መስጠት ነበር። ለእኛ ይህ የማይታሰብ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመውን ሰንሴት የተባለ ዘዴ መረጥን። ዘዴው ከላይ የጠቀስሁትን ፑሮማይሲን ይጠቀማል። ለሕዋሳቱ በሚሊ ሊትር 10 ማይክሮ ግራም ፑሮማይሲን ለ10 ደቂቃ ብቻ ይሰጣል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች በመሠራት ላይ የነበሩት ሰንሰለቶች ፑሮማይሲን ይጣበቅባቸዋል፤ ከዚያ ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ በስስ ሜምብሬን ላይ በሚያሳየው በዌስተርን ብሎት፣ ፑሮማይሲንን በሚለይ አንቲቦዲ ይታያሉ። ምርቱ ፈጣን ከሆነ መስመሩ ከላይ እስከ ታች ይጠቁራል፤ ከቀዘቀዘ ይሳሳል።

ሁለት ማወዳደሪያዎችን ግዴታ አድርገናል። አንደኛው ፑሮማይሲን ያልተሰጠው ናሙና ነው፤ አንቲቦዲው ሌላ ነገር እየያዘ እንዳልሆነ ያረጋግጣል። ሁለተኛው አስቀድሞ ሳይክሎሄክሳሚድ የተሰጠው ነው፤ ሳይክሎሄክሳሚድ ራይቦዞምን ስለሚያስቆም መስመሩ ሊጠፋ ይገባል። በሁለቱም የጠበቅነውን አገኘን። በየመስመሩ የተጫነው ፕሮቲን እኩል መሆኑንም ሜምብሬኑን በፖንሶ ቀይ ቀለም ነክረን አየን።

በኅዳርና በታኅሣሥ የተሠሩት ሦስት ሙከራዎች ተስማሙ። መድኃኒቱን ካገኙ 4 ሰዓት የሆናቸው ሕዋሳት ከማወዳደሪያው የሚለዩ አልነበሩም፤ በ12 ሰዓት መስመሩ መሳሳት ጀመረ፤ በ24 ሰዓት በግልጽ ሳሳ፤ በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ሕዋሳት ገና በሕይወት ነበሩ። ይህ የጊዜ ቅደም ተከተል ለእኔ ከመስመሩ መሳሳት ይበልጥ ትርጉም ነበረው። መድኃኒቱ ራይቦዞምን በቀጥታ ቢመታ ኖሮ በ4 ሰዓት፣ እንዲያውም ከዚያ በፊት፣ ይታይ ነበር።

ውጤቱ የጠፋበት ወቅት

በጥር ወር የአርፒኤምአይ ሚዲያችን አለቀ። የታዘዘው በውጭ ምንዛሪ ምክንያት ዘግይቶ፣ ኋላም ጉምሩክ ላይ ቆሞ ነበር። በማቀዝቀዣችን ውስጥ ከሌላ ፕሮጀክት የተረፈ ዲኤምኢኤም/ኤፍ-12 የተባለ ሚዲያ ስለነበረ ተማሪዋ በእርሱ እንድትቀጥል እኔ ፈቀድሁ። ሕዋሳቱ በጥቂት ቀናት ለመዱት፤ አስተዳደጋቸውም ጥሩ ነበር። ይህን ፈቃድ ስሰጥ በመዝገቡ ላይ ምክንያቱን እንኳ አልጻፍሁም።

በየካቲት መጀመሪያ ተማሪዋ ፊልሟን ይዛ ወደ ቢሮዬ ገብታ፣ «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ሥራውን ተወ» አለችኝ። የ24 ሰዓቱ መስመር ከማወዳደሪያው ጋር እኩል ጠቁሮ ነበር። ደገመችው፤ ያው ሆነ። የሕዋስ ቁጥሩም ብዙ አልቀነሰም።

ከዚያ በኋላ የሄድንበትን መንገድ በዝርዝር የምጽፈው ሌሎችም በዚያው እንደሚሄዱ ስለማውቅ ነው። በመጀመሪያ የጠረጠርነው መድኃኒቱን ነው። በጥር መብራት በተደጋጋሚ ይጠፋ ስለነበርና ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ፍሪዘሩ ስለሚሞቅ፣ የተሟሟው መድኃኒት ተበላሽቷል ብለን አዲስ መዝነን አሟሟን። ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ ማይኮፕላዝማን፣ ማለትም የሚራቡ ሕዋሳትን የሚበክለውን እጅግ ትንሽ ባክቴሪያ ጠረጠርን። ይህ ጥርጣሬ መሠረት አለው፤ ማይኮፕላዝማ የራሱ የፑሪን ኢንዛይሞች ስላሉት ፑሪን መሰል መድኃኒቶችን ሊያፈርስ ወይም ሊለውጥ ይችላል፤ በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም። በዳፒ ቀለምና በፒሲአር አየን፤ አልተገኘም።

ሦስተኛው ጥርጣሬ የአሲድ መጠኑ ነበር፤ የዚህችን ከተማ ከፍታ የሚመለከት ስለሆነም ለብቻው ሊጻፍ ይገባዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ኢንኩቤተራችን 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያሳይ ሚዲያው በእርግጥ የሚያገኘው ግፊት በባሕር ወለል ከሚሰጠው በሩብ ያነሰ ነው፤ ሚዲያውም ከሚገባው በላይ ወደ አልካሊ ያዘነብላል። ይህን ለማካካስ መቆጣጠሪያውን ወደ 6.5 በመቶ ገደማ ማድረግ ያስፈልጋል። አዲሱ ሚዲያ የሚይዘው ቢካርቦኔት ከአርፒኤምአይ ስለሚበልጥ ልዩነቱ ይብሳል ብለን አስተካከልን። የሚዲያው ቀለም ከሐምራዊነት ወደ ብርቱካንማ ቀይ ተመለሰ፤ ሕዋሳቱም የተሻለ አደጉ፤ የጠፋው ውጤት ግን አልተመለሰም።

አራተኛው ጥርጣሬ የእኔ ብቻ ነበር፤ ለማንም አልተናገርሁትም። የተማሪዋን እጅ ጠረጠርሁ። ሥራውን ሦስት ጊዜ ያስደገምኋት፣ በመጨረሻም አጠገቧ ቆሜ ፒፔት ስትይዝ የተመለከትኋት በዚህ ምክንያት ነው። እጇ ጥንቁቅ ነበር። ያ ጊዜ በከንቱ ያለፈባት በእኔ ነው።

ሃይፖዛንቲን

ምክንያቱን ያገኙት የላቦራቶሪው አንጋፋ ባለሙያ ናቸው። ዕቃ ሲመዘግቡ ሁለቱን የሚዲያ ጠርሙሶች፣ ባዶውን የአርፒኤምአይና ግማሽ የቀረውን የዲኤምኢኤም/ኤፍ-12፣ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ አብረዋቸው የመጡትን የይዘት ዝርዝሮች ዘርግተው መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ። ተማሪዋ ጠረጴዛ ስትወለውል ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ሃይፖዛንቲን የሚሉት ምንድን ነው? በዚያኛው ወረቀት ላይ አላየሁትም።»

«የት ነው ያዩት ጋሼ?» አለች፤ መወልወያውን እንደያዘች መጥታ ጣታቸው ያረፈበትን መስመር አነበበች። በሊትር 2 ሚሊ ግራም ገደማ ይላል። ሲሰላ 15 ማይክሮሞላር ነው፤ ከመድኃኒቱ መጠን ይበልጣል። በመነሻ ዕቅዷ ሦስተኛ ገጽ ላይ የሃይፖዛንቲንንና የመርካፕቶፑሪንን ቅርጽ ጎን ለጎን በእጇ የሣለችው እርሷው ራሷ ነበረች።

ኤፍ-12 የተባለው የሚዲያው አካል ሲዘጋጅ ጀምሮ ሃይፖዛንቲን አለበት፤ አርፒኤምአይ 1640 የለበትም። ከሴረሙ ጥቂት ሃይፖዛንቲን ቢመጣም መጠኑ ከአንዱ ሴረም ወደ ሌላው ይለያያል፤ በማደግ ላይ ያሉ ሕዋሳትም እየተጠቀሙበት ይሄዳሉ። ስለዚህ በአርፒኤምአይ ያሉት ሕዋሳት ፑሪንን ራሳቸው ለመገንባት ይገደዱ ነበር፤ መድኃኒቱ ያንን ሲዘጋባቸው ስንቃቸው ያልቃል። በአዲሱ ሚዲያ ግን ከውጭ የተዘጋጀ ፑሪን እየቀረበላቸው መንገዱ ቢዘጋም ባይዘጋም ግድ አልነበራቸውም።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ ይህን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሠሩ፣ መጀመሪያ ከፈተኑባቸው ፍጥረታት አንዱ ላክቶባሲለስ ካዜይ የተባለ ባክቴሪያ ነበር፤ የባክቴሪያው ዕድገት በመድኃኒቱ ሲቆም የተፈጥሮ ፑሪን በመጨመር ይመለስ እንደነበርም አይተዋል። መድኃኒቱ በአሜሪካ በ1953 ተፈቀደ፤ ሁለቱም በ1988 ከጄምስ ብላክ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኙ። የፑሪንና የመሳዩን ፉክክር እኔ በየዓመቱ በክፍል አስተምረዋለሁ። በራሴ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አላየሁትም።

ጥርጣሬውን የፈተንንበት መንገድ

የይዘት ዝርዝር ማንበብ ማስረጃ አይደለም። ከጎረቤት ላቦራቶሪ አንድ ባለ 500 ሚሊ ሊትር የአርፒኤምአይ ጠርሙስ ተበድረን አራት ዓይነት ናሙና አዘጋጀን፤ ምንም ያልተጨመረበት፣ 15 ማይክሮሞላር ሃይፖዛንቲን ብቻ ያለበት፣ መድኃኒት ብቻ ያለበት፣ መድኃኒትና ሃይፖዛንቲን አብረው ያሉበት። በ24 ሰዓት የሳሳው መድኃኒት ብቻ ያገኘው መስመር ነበር። ሃይፖዛንቲን የተጨመረለት ከማወዳደሪያው ጋር ተቀራረበ። ሃይፖዛንቲን ብቻውን ምንም አልለወጠም። ሥራው ሦስት ጊዜ ተደግሞ ሦስቱም ተስማማ፤ የመጨረሻውን ድጋሚ የሠራው ናሙናዎቹ ምን እንደያዙ ያልተነገረው ሌላ ተማሪ ነው።

ተማሪዋ በዚህ ልትዘጋው ፈልጋ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶብኝ ነበር። ሃይፖዛንቲን ሕዋሱን የሚያድነው በሁለት የተለያዩ መንገዶች ሊሆን ይችላል። አንደኛው የጎደለውን ፑሪን መሙላት ነው። ሁለተኛው ኤችፒአርቲን ከመድኃኒቱ ጋር ተሻምቶ፣ መድኃኒቱ መጀመሪያውኑ ወደ ቲዮ-አይኤምፒ እንዳይለወጥ ማድረግ ነው። በሁለተኛው ከሆነ ያየነው መድኃኒቱ ሳይሠራ መቅረቱን ብቻ ነው፤ ስለ ፑሪን ማነስና ስለ ፕሮቲን ምርት የሚነግረን የለም። ጓኖሲን ብንሰጥም ያው ነው፤ እርሱም ወደ ጓኒን ተለውጦ በዚያው ኢንዛይም ያልፋል።

መውጫ የሆነን አዴኒን ነው። አዴኒን የሚሄደው ኤፒአርቲ በተባለ በሌላ ኢንዛይም በኩል ነው፤ ከዚያም በሕዋሱ ውስጥ ወደ ሌሎቹ ፑሪኖች ሊለወጥ ይችላል። ወደ ሕዋሱ ሲገባ ግን ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ በር ሊሻማ ስለሚችል፣ መድኃኒቱ አስቀድሞ ገብቶ እንዲለወጥ 4 ሰዓት ጠብቀን አዴኒኑን ሰጠን። የ24 ሰዓቱ መስመር ሃይፖዛንቲን እንዳገኘው ሙሉ በሙሉ ባይሆንም በግልጽ ተመለሰ። ከዚህ ተነሥተን የፕሮቲን ምርት መቀዝቀዙ ቢያንስ በከፊል ከፑሪን ማነስ የመጣ ነው ብለን ጻፍን። «በከፊል» የሚለውን ቃል ተማሪዋ የመመረቂያ ጽሑፏን በተከላከለችበት ዕለት ሁለት ጊዜ እንድታብራራ ተጠይቃለች፤ በሚገባ አብራርታለች።

ያልተሳኩት

ኤምቶርሲ1 በዚህ ውስጥ ያለውን ድርሻ በእኛ ሕዋሳት ማሳየት አልቻልንም። ኤምቶርሲ1 ሲሠራ ፎስፌት የሚያያዝበትን ኤስ6 ኪናዝ የተባለ ፕሮቲን የሚለየው አንቲቦዲ በረዶው ቀልጦ በሞቀ ሣጥን ውስጥ ደረሰን። ብንሞክረውም በማወዳደሪያዎቹ ላይ እንኳ የሚታመን መስመር አልሰጠም። በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ መንገዱ በሌሎች ጥናቶች የታወቀ ተብሎ ተጠቀሰ እንጂ የእኛ ውጤት ተብሎ አልተጻፈም።

ከሴረሙ የሚመጣውን ሃይፖዛንቲን ለማስወገድ ያደረግነውም ሙከራ አልያዘም። ዳያላይዝ የተደረገ፣ ማለትም ትናንሽ ሞለኪውሎቹ ታጥበው የወጡለት ሴረም መግዛት ስላልቻልን ራሳችን በዳያሊሲስ ከረጢት አጥበን በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳለፍነው። ሕዋሳቱ በዚህ ሴረም መድኃኒት ሳያገኙም ቀስ ብለው ያድጉ ስለነበር፣ ምርታቸው በመድኃኒቱ ይቀዝቅዝ ወይም በሴረሙ መለየት አልተቻለም። የኤቲፒና የጂቲፒን መጠን በቀጥታ መለካት ትክክለኛው መንገድ በሆነ ነበር፤ ለዚያ የሚያስፈልገው መሣሪያ በዚያን ጊዜ ተበላሽቶ ጥገና ይጠብቅ ነበር።

ከጉዳዩ የወሰድናቸው አሠራሮች

ሚዲያን እንደ መድኃኒት መቁጠር ከሁሉ ይቀድማል። ፑሪን መሰል መድኃኒት የሚፈትን ሰው ሚዲያው ሃይፖዛንቲን እንዳለበትና እንደሌለበት ሳያይ ሊጀምር አይገባም። ፎሌትን የሚቃረኑ መድኃኒቶችን ለምሳሌ ሜቶትሬክሴትን ለሚፈትንም ይህ የባሰ ነው፤ በኤፍ-12 ውስጥ ከሃይፖዛንቲን በተጨማሪ እነዚህ መድኃኒቶች ሕዋሱን የሚያሳጡት ታይሚዲን አለና። እጥረት ባለበት አገር ሚዲያ መለወጥ አይቀርም፤ በለወጥን ጊዜ ግን አዲሱን ከአሮጌው ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ምንጭ በተወሰዱ ሕዋሳት ማወዳደር ይቻላል። ለዚህም ከእያንዳንዱ ሚዲያ የመጨረሻዋን አንድ ጠርሙስ ሳንነካ የማቆየት ልማድ አበጅተናል። ይህ ልማድ ቀድሞ ቢኖረን ኖሮ ሁለት ወር አይፈጅብንም ነበር።

«የፕሮቲን ምርት ቀነሰ» ለማለት በሕዋስ ቁጥር የተመጠነና ፍጥነትን የሚለካ ማስረጃ ያስፈልጋል። ከአንድ የ48 ሰዓት ነጥብ ይልቅ በ4፣ በ12 እና በ24 ሰዓት የተወሰዱ ሦስት ነጥቦች ስለ አሠራሩ ብዙ ይናገራሉ። በዚህ ላይ የመመለሻ ሙከራ፣ ማለትም ጎድሏል የተባለውን ነገር መልሶ በመስጠት ውጤቱ ይመለስ እንደሆነ ማየት፣ ርካሽ ነው፤ አንድ ጠርሙስ አዴኒን ከአንድ አንቲቦዲ እጅግ ያነሰ ዋጋ አለው፤ በጉምሩክም አይበላሽም።

ሙከራ አልደገም ሲል ደግሞ ጥርጣሬን በቅደም ተከተል ጽፎ መሄድ ያስፈልጋል። ከሰው እጅ በፊት በሁለቱ ሙከራዎች መካከል ምን እንደተለወጠ ከመዝገብ ማንበብ ይቀድማል። እኛ ማንበብ ያልቻልነው እኔ ስላልጻፍሁት ነው። አሁን በመዝገባችን ላይ በየሙከራው ራስጌ የሚዲያው ስም፣ የመለያ ቁጥሩ፣ የሴረሙ የመለያ ቁጥርና የኢንኩቤተሩ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን የሚሞላበት አራት መስመር አለ፤ የሚፈርሙበትም ተማሪውና አማካሪው ናቸው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ተማሪዋ በሐምሌ ተመርቃ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። የአርፒኤምአይ ትእዛዛችን በግንቦት ደርሶ የተበደርነውን ጠርሙስ መልሰናል። በሁለቱ ሚዲያዎች ያደጉት ሕዋሳት በየራሳቸው ምልክት በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተቀምጠዋል። የኤስ6 ኪናዙ ጥያቄ ለቀጣዩ ተማሪ ተሰጥቷል፤ አዲሱ አንቲቦዲ በደረሰ ዕለት አንጋፋው ባለሙያ ሣጥኑን ከፍተው መጀመሪያ በረዶውን፣ ቀጥለው ወረቀቱን አይተው በመዝገቡ ላይ ፈርመዋል።